ካቃጠለሽ እየሠራ ነው

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እማዬስ ደህና ናት? ጉልበቷን ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃውን እየተነጫነጨች ነው የምትወጣው? ሥራው እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አይደለሁም እንዳልልሽ ደግሞ እማዬ እጅሽ ላይ ደብዳቤ ካየች አንብቢልኝ ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ እስከዚህች መስመር ድረስ ጮክ ብለሽ ልታነቢላት ትችያለሽ። ከዚህ በኋላ ያለው ላንቺ ብቻ ነው። መኝታ ቤት ግቢና በሩን ዝጊው።

ይኸው በዚህ ዘመን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፤ ሳቂብኝ። ምን ላድርግ? ስልክ አታነሺ! ትናንት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። መልእክት ስልክልሽ ሳታነቢ እንደምትሰርዢው እማዬ ነግራኛለች። አክስታችን ሐሙስ ወደናንተ እንደምትመጣ ስሰማ በሻርፕ ተጀቡኜ ቤቷ ሮጥኩ። ጉንፋን ይዞኛል ስላት እንዳልስማት ሸሸችኝ። በእጅሽ የምልከው ደብዳቤ አለኝ ብያት፣ ለማንም እንዳታሳዪ ብዬ አስማልኳት። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ምስጢር፣ ልታገቢ ነው እንዴ ብላ አሾፈችብኝ። ምነው ባገባሁና በተገላገልኩ።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ያንን ክሬም ተይው ብዬ ብለምንሽ ቀናሽብኝ አልሽኝ። እኔ ካንቺ በላይ ሳምር፣ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ አንጀትሽ አረረ አልሽኝ። እኔ! አፍሽን ሳትፈቺ ጀምሮ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩሽ! ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጊው መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ አለቀስኩ፤ ሲበርድልኝ ደግሞ ምን ታድርግ አልኩ። ምክንያቱን ሳልነግርሽ ተይው ካልኩሽ ሌላ ምን ልታስቢ ትችያለሽ? ፈርቼ ነው። ምክንያቱን ከነገርኩሽ ሁሉንም ልዘከዝከው ነው። ዛሬ ግን እዘከዝከዋለሁ። ብቻ ይሄን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ያንን ክዳን አትክፈቺ። ከእግርሽ ወድቄ ነው የምለምንሽ።

ስለ ሥራዬ ሳወራላችሁ ጥፍርና ቅንድብ፣ ስቲምና ማስክ ብቻ አስመስዬ ነበር። ከሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ስላለችው ክፍል አንድም ቀን አላነሳሁላችሁም። መስኮት የላትም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰማያዊ ባልዲ፣ አንድ ረጅም የእንጨት ማማሰያ፣ ጥግ ላይ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ባዶ ብልቃጦች። እዚያ ነው ቅልቅሉ የሚሠራው። ከሱቅ የተገዛ ተራ የፊት ክሬም ባልዲው ውስጥ ይገለበጣል። ምን እንደሆነ ያልተጻፈበት ነጭ ዱቄት ይጨመርበታል። ከዚያ ደግሞ መድኃኒት ቤት ለችፌ የሚሸጠው ቅባት ይገባል፤ አንድ ሁለት ቱቦ እንዳይመስልሽ፣ በካርቶን ነው። ማዳም፣ አሠሪዬ ማለቴ ነው፣ በሩ ላይ ቆማ አማስይው እንጂ፣ ይጓጉላል ትለኛለች። ከዚያ ብልቃጥ ውስጥ ይሞላል፣ ወርቃማ ክዳን ይገጠምለታል፣ ለማዲያት፣ ለብጉር፣ ለጠቆረ ፊት የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። አንድ ባልዲ ለሁሉም በሽታ! እኔም ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ከመጋረጃው ብቅ ብዬ እንደ ሐኪም እያዘዝኩ እሸጠው ነበር።

የማዳም የሥራ ምስጢር ግን ባልዲው አልነበረም፤ አንዲት አጭር አነጋገር ነበረች። ሴቶቹ በሁለተኛው ቀን ደውለው ፊቴን አቃጠለኝ ሲሉ የምንመልሰውን እሷ ናት ያስተማረችን። ካቃጠለሽ እየሠራ ነው። አለቀ፣ ሌላ ጥያቄ የለም። እንዲያውም ሳያቃጥላቸው የቀረ እንደሆነ ተቆጥተው ይመጡ ነበር፣ ደህናውን ደብቃችሁ ነው እያሉ። እንግዲህ ላንቺ የላኩልሽን ብልቃጥ ክዳን አስቢው። በገዛ እጄ፣ በቀይ እስክሪብቶ ነው የጻፍኩበት። አይዞሽ፣ ካቃጠለሽ እየሠራ ነው፣ እንዳታቋርጪ። ከጎኑ ደግሞ ልብ ስዬልሽ ነበር። እጄን ቢቆርጡት ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሆቴሉ ለእንግዳ መቀበያ ሥራ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሽ፣ በዚህ ብጉር ማን ያየኛል እያልሽ እያለቀስሽ የደወልሽልኝን ቀን አልረሳውም። ሁለት ሳምንት ነበር የቀረሽ። እህቴ ናት ብዬ ያንቺን ለብቻው በትንሽ ሳህን ደባለቅኩት፣ ከቱቦውም አብዝቼ ጨመቅኩበት። ለሌላው እየቆጠብኩ የምጨምረውን ላንቺ አልሰሰትኩም። ይሄ እንግዲህ ፍቅሬ መሆኑ ነው! ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶሽን ላክሽልኝ፤ ፊትሽ ጥርት ብሎ፣ ተወልውሎ እንደወጣ ብርጭቆ ያበራል። ሥራውንም አገኘሽ። የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ። ያንን ፎቶ ስልኬ ላይ ይዤ ለስንቱ አሳየሁት መሰለሽ፣ የገዛ እህቴ ናት፣ እዩዋት እያልኩ። ባንቺ ፊት ስንት ፊት እንዳበላሸሁ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

አሁን ስለ አንዲት ደንበኛ ልንገርሽ። እንዳንቺው ሥራዋ ከሰው ፊት የሚያቆማት ሴት ናት። ጉንጯ ላይ ማዲያት ወጥቶባት ነበር። ብዙም አይደለም፣ ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው አይታይም፤ እሷ ግን መስታወት ባየች ቁጥር ከማዲያቱ በቀር የሚታያት ነገር አልነበረም። ከባልዲው ወሰደች። በመጀመሪያው ወር ሰው ሁሉ ምን ተቀብተሽ ነው እያለ አስቸገራት። ሠራልኝ፣ ሠራልኝ እያለች ትዞር ነበር። በአምስተኛው ወር ቆዳዋ መሳሳት ጀመረ። ቀይ ክር የመሳሰሉ የደም ሥሮች ጉንጯ ላይ ወጡ። አገጯ ላይ ፀጉር በቀለ። ምድጃ አጠገብ መቆም አቃታት፣ ፀሐይ አቃታት፣ የገዛ እንባዋ እንኳ ይለበልባት ጀመር። ስትተወው በሦስተኛው ቀን ፊቷ ቀልቶ፣ አብጦ፣ መግል ቋጥሮ ይነሣባታል። ስትቀባው ደግሞ በማግስቱ ጭጭ ይላል። ስለዚህ ቀባች። ኋላማ በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ። ማዲያቱም ከበፊቱ ጠቁሮ ተመልሶ መጣ። ሠራልኝ ስትል የከረመችው ሴት በመጨረሻ ሠራኝ አለች። ቀልዷ የራሷ ናት፤ የሳቀላት ግን አልነበረም።

አሠሪዋ ይሄ ፊት በር ላይ ቆሞ ማን ይገባልኛል ብላ ወደ ጓዳ አስገባቻት፣ ፎጣ እንድታጥብ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶውን ይሄዳል። ቤተሰቧ ካያት ሁለት ወር አልፎታል፤ በቪዲዮ ሲደውሉላት ካሜራው ተበላሽቷል ትላለች። እንደምንም ብላ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ዶክተሯ በመብራት እያየች ይሄን ማን ሰጠሽ አለቻት። አላውቀውም፣ ከገበያ ነው አለች። ምን እንደተቀባሽ ካልነገርሽኝ በጭፍን ነው የማክምሽ ብላ ዶክተሯ ተቆጣቻት። አሁንም ከገበያ ነው አለች። እንዴት ብላ ትናገር? እኔ እዚያው ስለነበርኩ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

እማዬ ባለፈው ሳምንት በጨዋታ መሃል አንድ ነገር ነገረችኝ። እህትሽ አንቺ ከደወልሽላት በኋላ ያንን ክሬም አራት ቀን ትታው ፊቷ እሳት ሆኖ ነበር፣ ደግነቱ ተመልሳ ስትቀባው ተሻላት አለችኝ። የፎጣው ቅርጫት ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ሰምተሽኝ ነበር! ሰድበሽኝ፣ ስልክ ዘግተሽብኝ፣ ግን ሰምተሽኝ ነበር። ፊትሽ ሲነሣብሽ ደግሞ ክዳኑን አየሽው፤ የእህትሽ ጽሑፍ ነው፣ እንዳታቋርጪ ይላል። አመንሽኝ። ወይኔ! የኔ ቆንጆ፣ የተሻለሽ እንዳይመስልሽ፣ ይዞሽ ነው። ስትለቂው የሚያምሽ ስለያዘሽ ነው። በቀባሽው ቁጥር ቆዳሽ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አይጠራም። አንቺ ገና ሦስት ወርሽ ነው፤ ገና መመለስ ይቻላል። ይሄን እኔ ሳልሆን ዶክተሯ ናት ያለችው፣ የወሩ ቁጥር ይወስነዋል ብላለች።

ስለዚህ ብቻሽን አትቀጥይ፣ ብቻሽንም አትታገይው። ይሄ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት ጠዋት፣ ሥራ ሳትገቢ፣ ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂ። እንዴት እንደምትላቀቂው እሱ ያውቃል፤ የአንቺም የኔም ሥራ አይደለም፣ እኔማ ሠርቼ አየሁት። በሁለተኛው ወረቀት ላይ የገባበትን ሁሉ ጽፌልሻለሁ፣ የቱቦውን ስም፣ መጠኑን፣ የዱቄቱ ከረጢት ላይ ያለውን ቁጥር ሳይቀር። ለሐኪሙ ስጪው። ማን ጻፈው ካለሽ እኔ መሆኔን ንገሪው፣ እህቴ ናት ብለሽ እንዳትደብቂኝ። ማዳም ይሄን ብታውቅ ከሥራ በማባረር የምትመለስ አይደለችም፤ ሕግ ቢመጣም አብሬያት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ይጠይቁኝ። ሰኞ ባልዲውን እንዳለ ሽንት ቤት ደፋሁት። ማዳም አበድሽ እንዴ እያለች እስከ መንገድ ተከተለችኝ፣ ስታማስይ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም ወይ እያለች ትጮሃለች። ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። እውነቷን ነው።

ሥራዬስ ትይኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ፊትሽ ለተወሰነ ጊዜ ይከፋል፤ አለቃሽም ፊትሽን አይቶ የቀጠረሽ ሰው ነው፣ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። አያባርርሽም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ካባረረሽ እኔን ስደቢ፣ እርገሚ፣ ለእማዬም ንገሪያት፣ ሁሉንም እቀበላለሁ። ሌላ ሥራ ይገኛል፣ ሌላ ፊት ግን ከየት ይመጣል?

ጥርት ያለ ፊት በምን ይገኛል እያልሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትጠይቂኝ ነበር። እውነተኛው መልስ አሁን ነው የተገኘው፣ ስሚውና ሳቂ። ለብ ያለ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ። ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና። በፎጣ አለመፈተግ። ቆዳው እንዳይደርቅ ተራ ማለስለሻ፣ ከፀሐይ መከላከል፣ ብጉርን ተይው እንጂ አታፍርጪው፣ ካልጠፋ ሐኪም መድኃኒት አለው። ከዚያ ወር ሁለት ወር መታገሥ። በቃ! ማዳም ይሄን ብትሸጥ በሳምንቱ ሳሎኗን ትዘጋ ነበር። ያንቺ ብጉር እኮ የዕድሜሽ ብጉር ነበር፣ የሚያልፍ። ምን ነካኝ? ምን አስቸኮለኝ?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። አትናገሪኝ፣ ብቻ አንሺውና ሐኪም ጋ ሄጃለሁ በይኝ፤ ከዚያ ብትፈልጊ መልሰሽ ዝጊው።

ካላመንሽኝ ብዬ የዚያችን ደንበኛ ፎቶ በወረቀት ጠቅልዬ ፖስታው ውስጥ ከትቼዋለሁ። እማዬ እንዳታየው፣ አደራሽን። መጀመሪያ ስታዪው ትደነግጫለሽ፤ ዶክተሯ ቀስ እያለ ይሻላል ብላለች፣ እንደ ድሮው ባይሆንም። ድንጋጤው ሲለቅሽ ረጋ ብለሽ ግራ ቅንድቧ ላይ ያለችውን አሮጌ ጠባሳ እያት። የአራት ዓመት ልጅ ሆነሽ የጣሳ ክዳን ወርውረሽብኝ፣ ደሙን ስታዪ ከኔ ብሰሽ ያለቀስሽው ትዝ ይልሻል? ያኔም አይዞሽ፣ አላመመኝም ነው ያልኩሽ።

ፈጣሪ ፊቱን አይመልስብሽ። በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ክፉ አይንካሽ፣ እኔን ያስቀድመኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እስከ ዕለተ ሞቴ የምወድሽ
ታላቅ እህትሽ