ወደ ወንበርህ የዘረጋሁት እጅ

ልጄ ኤልናታን፣ በሰው አገር መንገድህን ያቅናልህ፤ የሰው ፍቅር ይስጥህ። ብርዱስ እንዴት ነው? እኔ እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ደህና ነኝ። እጄን አላስዘረጋ ያለኝን ትከሻ ዌስትላንድስ ያለ ሐኪም ቦቶክስ የሚሉትን መርፌ ወጋልኝ። የደነደነውን ጡንቻ ያላላል አለኝ። በማታቱ ታክሲ የወሰደችኝ ጎረቤታችን ዛራ፣ «ሀብታሞች ፊታቸው እንዳይጨማደድ የሚወጉት እኮ ነው፤ ትከሻዎ ልጃገረድ ሊሆን ነው» ብላ አሳቀችኝ።

እውነትም ሕመሙ ቀለለኝ። ሐኪሙ ክንድዎን እያነሱ ያለማምዱ ስላለኝ፣ ምሳ ስበላ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ ወንበርህ እዘረጋለሁ። ትናንት እጄ አፍህ እስከሚሆንበት ድረስ ከፍ አለ። መልሼ ራሴ በላሁት።

መርፌው ከጥቂት ወራት በኋላ ኃይሉ ይለቃል ብሎኛል። ክፉ አይንካህ፣ ልጄ። ከቻልክ እሱ ሳይለቅ ና።

እናትህ አስናቀች