የከማል ተራ

ሰኞ
ዛሬ ደግሞ ተራ መጥራት በቻይንኛ ሆነ! ክሊኒኩ በር ላይ፣ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ቆሜ በሽተኛ የማስገባው እኔ ነኝ። አዲሷ የቻይና ሐኪም አማርኛቸው ገና ስለሆነ ተማማርን። ቀላል ነው። ዪ አንድ፣ ኧር ሁለት፣ ሳን ሦስት። እኛ ከኋላ «ኛ» እንቀጥላለን፤ እነሱ ከፊት «ዲ» ይሉና አለቀ። ዲ ዪ አንደኛ፣ ዲ ኧር ሁለተኛ። ከየቡ መንደር የመጡ ሽማግሌ «ዲ ሳን» ብዬ ብጠራቸው ስሜ አይደለም ብለው አልነሳም አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ማክሰኞ
ሐኪሟ ሆዴን አይተው ስንተኛሽ ነው አሉኝ። አማቴ አስቀድመው መክረውኛል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሞተ ልጅ አይቆጠርም። ከቆጠርሽው በሆድሽ ያለውን ወደ ራሱ ይጠራዋል።» ክፋት የላቸውም። እሳቸውም ቀብረዋል፤ የአንዱንም ስም ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።
«ዲ ዪ» አልኩ። ካርዱ ላይ ጻፉት።
 የመጀመሪያ ልጄ ከማል ጥርስ አብቅሎ ነበር። መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ነጠቀኝ። ዛሬ ደግሞ እናቱ በሰው አገር ቋንቋ ከሰልፍ አስወጣችው።

ረቡዕ
ዝናብ። ለባሌ ለኑሪ ነገርኩት። ተይው አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ማልቀሱን ከትከሻው አወቅሁ። በአንድ ቤት የሆዳችንን በሆዳችን ይዘን እንኖራለን። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሐሙስ
በሽተኛው ሲያልቅ ሐኪሟ አንድ ቃል ላስተምርሽ አሉ። በአገራቸው በቤት ውስጥ ልጆች ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እየተባሉ ይጠራሉ። የመጀመሪያው ብቻ ቁጥር የለውም፤ «ላውዳ» ነው፣ ትልቁ ማለት ነው። ይሄን ላውዳ ትይዋለሽ ብለው ሆዴን ነካ አደረጉ።
ትልቁ። የከማልን ቦታ ለሌላ ሲሰጡት ዓይኔ እያየ ዝም ልበል? እጃቸውን ያዝኩ።
«ዲ ኧር» አልኩ። «ይሄ ሁለተኛ ነው።»
«ላውዳ የት አለ?»
በመስኮቱ ወደ መቃብሩ አቅጣጫ አመለከትኩ። ጣቴን ተከትለው አዩ፤ ገባቸው። ካርዱን አውጥተው ማክሰኞ የጻፉትን ሰረዙ። ከዚያ ስሙን ጠየቁኝ። ከማል አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ተራ እንደምጠራው።
ለአማቴ አልነገርኳቸውም። እፈራለሁ። ይህን ስጽፍ አንድ እጄ ከሆዴ ላይ አልተነሳም። አሁን ረገጠኝ። ያ ረቢ፣ ትልቁን ወስደሃል፤ ሁለተኛዬን ተውልኝ።