ለእንግዳ የተቆለፈው ክፍል

ውድ ይርገዱ፣

እንደምን ከረምሽ? ደብረ ታቦር ብርዱ ጠንቶብሽ ይሆናል፤ እኔ እዚህ ቁሐር በንዴት ስግል ነው የከረምሁ።

አንቺ ተዛውረሽ ከሄድሽ በኋላ የሥዕልና የሸክላ ሥራ ክፍለ ጊዜሽን ከጂኦግራፊዬ ጋር ደርቤ የያዝሁት እኔ ነኝ። ሳቂ! ላም ልሥራ ብዬ የወጣልኝን ልጆቹ «ጉማሬ ነው» ብለው ፈረዱ። እነርሱ ግን አንቺ እንዳስያዝሻቸው ናቸው።

በጥቅምት እውቅና መጣልን። «በሥነ ጥበብ ትምህርት አርአያ የሆነ ትምህርት ቤት» የሚል፣ መስተዋት የለበሰ የምስክር ወረቀት። ድንኳን ተተከለ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። የመጡት ባለሥልጣን ስለ ጥበብ ሲናገሩ ሽማግሌዎቹ እንቅልፋቸውን ጨረሱ። እጄን አውጥቼ «ቀለምና ወረቀትስ?» ብላቸው፣ «እውቅናው ራሱ ትልቅ ስንቅ ነው» አሉኝ። እስኪ አሁን መስተዋት ይቆረጠማል?

በማግሥቱ ልጆቹ ጭቃቸውን ይዘው ቢመጡ የሥዕልና የሸክላ ክፍሉ ተቆልፏል! ርእሰ መምህራችንን አቶ ገበያውን ታውቂያቸው የለ? ጥሩውን ብርጭቆ ለእንግዳ ብለው ቆልፈው ራሳቸው በጣሳ የሚጠጡ ሰው ናቸው። «እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳያለን? እንዳይቆሽሽ!» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ለመንኋቸው፣ ተቆጣሁ፤ ወይ ፍንክች! ልጆቹ ዛፍ ሥር ሞከሩ፤ ፀሐዩ ጭቃውን እጃቸው ላይ እያደረቀ ሲሰነጥቅባቸው ተውት። ያን ሁሉ የለፋሽበት እንዲህ ሆኖ ሲቀር አለቀስሁ፤ እውነቴን ነው።

ባለፈው ወር ደግሞ ከሌላ ወረዳ መምህራን ለልምድ ልውውጥ መጡ። አቶ ገበያው በኩራት ከፈቱላቸው፦ ባዶ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀት። አንዲት መምህርት «ከእናንተ የምንወስደው ተሞክሮ ምንድን ነው?» ብትላቸው፣ «ንጽሕና» አይሏትም? እርሷም ጻፈችው!

«የልጆቹ ሥራስ?» ስትል ግን ክራባታቸውን ማጥበቅ ያዙ። ይኸኔ ትሩፋት፣ ያች ወረታ ገበያ ጀበና የምትሸጠው የአማከለች ልጅ፣ ቤቷ የሠራችውን የጭቃ ምስል ታቅፋ ገባች። ምስሉ ራሳቸው አቶ ገበያው ናቸው፣ ከነክራባታቸው! እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ለልጅቱ ፈራሁላት።

አቶ ገበያው ዙሪያውን አገላብጠው አዩትና፣ «አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ።

«አልጨረስሁትም ጋሼ። እርስዎን እያየሁ ካልሆነ አፍንጫ አይወጣልኝም።»

«እና ምን ይሻላል?»

«እዚህ ክፍል ቢቀመጡልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ቀድመው የሚገቡት እርሳቸው ናቸው። በሩን ራሳቸው ከፍተው፣ ክራባታቸውን አስተካክለው፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ይላሉ። ሌሎቹም ልጆች ተከትለው ገብተው ጭቃቸውን ያቦካሉ። ጭቃው የምስክር ወረቀቱ ድረስ ተፈናጥሯል፤ ማን አይቶት!

ናፍቀሽኛል፣ ለገና ብቅ በይ። ብቻ በሞቴ፣ ትሩፋትን «አፍንጫው አምሯል» እንዳትያት። የጨረሰች ቀን በሩ መቆለፉ ነው። ትናንት ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ «አፍርሺና እንደገና ጀምሪ» አልኋት።

እስክትመጪ አፍንጫው እንዳያልቅ የሚጠብቅልሽ፣
ደሳለው