ወደ ሐዲዱ የሚከፈተው በር

ውድ ወዳጄ ፍቅሬ፣

ትናንት የልጅ ልጄ ሳሌም ስልኩን ይዛ መጥታ፣ «አባባ፣ ከጀርመን ኮል እያደረጉህ ነው» አለችኝ። «‹እየደወሉልህ ነው› ይባላል» ብዬ አርሜ ተቀበልኋት። ልጅህ ቢታንያ ነበረች። «ጋሼ ብዙነህ፣ የአባቴ ሳንባ ደክሟል። በየቀኑ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ሆስፒታሉ በር ዞሮ፣ ‹የዘጋሁት እኔ አይደለሁም› ይላል። ማንን ነው የሚያናግረው?» አለች። አላውቅም አልኋት። ዋሸሁ።

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ለባቡር ሥልጠና የተላክንባትን የጀርመን ከተማ መምህራችን በኩራት ይተርክልን ነበር። ሐዲዱ ሳይገባ ሦስት ሺህ ሰው፣ አንድ ወፍጮና የላም መስክ ብቻ የነበራት መንደር፣ በአርባ ዓመት ውስጥ የፈትል ፋብሪካና የብረት ማቅለጫ ተክላ ሠላሳ ሺህ ነፍስ ሰበሰበች። ወንዟ በድንጋይ ተሸፈነ፤ መስኩ ላይ ሐዲድ ተዘረጋበት። መስኩን ያልረሳችው አከራያችን ወይዘሮ ሔልጋ ብቻ ነበረች። እንደ እናቷና እንደ አያቷ፣ በየቀኑ ወደ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ሐዲዱ የሚያወጣውን የጓሮ በር ትከፍትና እስከ መቶ ቆጥራ ትዘጋው ነበር።

እኅቷ ዘንድ ባደረችበት ዕለት አደራውን ለእኛ ሰጠች። «የመስኩ ላሞች ሳይገቡ እንዳትዘጉ» አለችን። አንተም፣ «ትኬት ቆርጠው ነው የሚመጡት?» ብለህ አሳቅኸኝ። ተራው ያንተ ነበር። ከፍተህ መቁጠር ጀመርህ፤ ዝናብ ሲመጣ ካፖርትህን ልታመጣ ገባህ። እኔ ግን የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ከንቱ ነገር አይሠራም ብዬ ዘጋሁት።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ቀድሜህ ወጣሁ። በሩ ከውጭ እስከ ደረቴ ድረስ የረግረግ ጭቃ ለብሶ፣ ቀይ ፀጉር ተጣብቆበት፣ ብዙ የከብት ጎን እንደ ተደገፈው ወደ ውስጥ ጎብጦ አገኘሁት። ከበሩ ባሻገር የነበረው ጠጠርና ጥቀርሻ ብቻ ነው። ጭቃውን በካፖርቴ ጠረግሁት። ይህን ለአንተ እንኳ አልነገርሁህም።

ወይዘሮ ሔልጋ ስትመለስ መዳፏን ጣውላው ላይ አሳረፈች። «አሁንም ይሞቃል» አለች። ቀጥላም፣ «ማን ዘጋው?»

«ተራው የፍቅሬ ነበር» አልሁ።

ስሕተት የሌለበት ዓረፍተ ነገር ነበር። አንተ አየኸኝና ዝም አልህ። በዚያው ዕለት ከቤቷ አስወጣችህ፤ ወደ ማቅለጫው ሠራተኞች ማደሪያ ተላክህ፤ እዚያው ሥራ ይዘህ ቀረህ። ሳንባህን ጥቀርሻው በላው።

እኔ በልጄ በናትናኤል ቤት፣ በኮሎምበስ ደቡብ ነኝ። ስንገባ ከጓሯችን በስተኋላ የበቆሎ እርሻ ነበር፤ ዛሬ ዓይን እስኪደክም የዕቃ መጋዘን ነው። በዚህ ሳምንት ሳሌም፣ «አባባ፣ ከአጥሩ ውጭ የሚተነፍሰው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የጭነት መኪና ነው።»

«ትራክ ሣር ይሸታል እንዴ?»



ፍቅሬ፣ አርባ ስድስት ዓመት ስለ እኔ ዝም ማለትህ ይብቃ። ይህን ቢታንያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብልህ። ይቅርታህን ለመለመን ገና አልበቃሁም። በአሥራ አንድ ሰዓት ላሞቹ ሲመጡ ግን አትከራከራቸው። ስሜን ከነአባቴ ንገራቸው፤ የምኖርበትንም።

የበደለህ፣
ብዙነህ ሰሎሞን
ግሮቭ ሲቲ፣ ኦሃዮ