ከመስኮቴ ፊት ስላለው ዘንባባ

ዛሬ ጥር 9 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ እኔ ጡረተኛው ሰዓት ጠጋኝ፣ ቀኝ ጎኔ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳይገፋፋኝ፣ በሦስት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን አስጽፌአለሁ።

አንደኛ፤ ቤቱ ከነዕቃው ለታላቁ ልጄ ይሁን። ዘንባባዬን “የተዘቀዘቀ መጥረጊያ” እያለ ሃያ ዓመት ቀልዶብኛል። ይቅር ብዬዋለሁ እንጂ አልረሳሁትም።

ሁለተኛ፤ የሥራ መሣሪያዎቼ ለእህቴ ልጅ ይሰጡ፤ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ሦስተኛ፤ ዘንባባው ለታናሿ ልጄ ይሁን። ከዚህ በታች ያለውን ግን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ለወንድሟ ብቻ ስጡት።

ልጄ፣ ስማኝ። ዘንባባውን የተከልኩት ከሞቃት አገር መጥታ ብርዱ ላስመረራት ለእናታችሁ ነው። ውርጭ በሚጥልበት ግቢ ያቆየሁት በዘዴ ነበር። ብርድ ሲገባ ቅጠሉን ወደ ላይ ሰብስቤ አስረዋለሁ፣ በጆንያ እጠቀልለዋለሁ፣ አናቱን ጠብታ ውሃ አላስነካውም። ዘንባባ የሚያድገው ከአናቱ መሃል ብቻ ነው፤ እዚያ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል፣ ሌላ ማቆጥቆጫ የለውም። ጎረቤት እንዴት እንዳቆየሁት ሲጠይቀኝ “እጄ ነው” እያልኩ ስኮራ፣ ዘዴውን ለእናንተም ሳልነግር ቀረሁ።

ከዚያ ቀኝ ጎኔ ሲከዳኝ ምላሴም ተያዘ። እህትህ እንዳይበርደው ብላ በየጠዋቱ ለብ ያለ ውሃ ከአናቱ ስታፈስበት ሁለት ወር ሙሉ በመስኮት አየሁ። ተይ ለማለት ግራ እጄን አወዛወዝኩ፤ ሰላም ያልኳት መስሏት እሷም አወዛወዘችልኝ። አለቀስኩ፤ ግቢው የናፈቀኝ መስሏት አልጋዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

ምላሴ ከተፈታ ሳምንቴ ነው፤ የዛፉን ነገር ሳላረጋግጥ ግን ልነግራት አልደፈርኩም። ትናንት እሷ ሳትኖር አናጢው ጎረቤቴ የመሃሉን ቅጠል ቀስ ብሎ እንዲስበው ለመንኩት። ሳይታገለው መጣ፤ ግርጌው በስብሶ ይሸታል። መልሶ ሰክቶታል። የዳር ቅጠሎቹ ገና ለወራት አረንጓዴ ይሆናሉ እንጂ ዛፉ ሞቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን ብነግራት ግን የራሷ ታደርገዋለች። ሲደርቅ ውርጭ ነው በላት። እስከዚያ መጋዝ እንዳታስነካው።

ይህን እያስጻፍኩ ሳለ ልጄ ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዛ ገባች።

“አባዬ፣ ዛሬም አጠጣሁልህ። ዘንድሮ ከሌላው ዓመት ሁሉ አምሮበታል” አለች።

“ተባረኪ፣ ልጄ” አልኳት። ይህም ይጻፍልኝ።

ቃሌ እሷ ከወጣች በኋላ ተነቦልኝ የግራ አውራ ጣቴን አሳርፌበታለሁ። ምስክሮቼ አናጢው ጎረቤቴ፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያና ጸሐፊው ፈርመዋል፤ ለልጅቱ ላይነግሩም ቃል ገብተውልኛል።