ክትትል ጀምሬያለሁ

ሰኞ፣ ግንቦት 6

ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ዝናብ መጣ፣ ሰበሰብኩ። ሲያባራ መልሼ አሰጣሁ። አሁንም እርጥብ ነው። ቀኑ በዚህ አለቀ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ ነበር። ጤና ጣቢያው በስልክ የሚለጥፈውን ቪዲዮ የምትሠራው እሷ ናት። ሐኪሞቹ ሲናገሩ ስብሰባ ይመስላል፣ ማንም አያየውም አለችኝ። “እማማ፣ እርስዎ ቢናገሩስ... የልጅዎን ነገር። ከሆነልዎት ብቻ።”

እኔ? በዚህ ጥርሴ? ስቄ ሸኘኋት።

ከሄደች በኋላ ግን ቁጭ አልኩ። ልጄ ከነሆዷ ከሞተች ዓመት ሊሞላ ነው። ራሷን ያማት ነበር። እግሯ አብጦ ነበር። እርግዝና እንዲህ ነው አሏት... ሁሉም እንዲህ ነው አሏት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

እሺ አልኩ። ግቢዬ ውስጥ ተቀረጽኩ። መጀመሪያ ስልኩን ጎንበስ ብዬ “ጤና ይስጥልኝ” አልኩት፤ ሻሼ ብቻ ተቀረጸ። ነርሷ በሳቅ ፈረሰች። በሁለተኛው ሁሉንም ተናገርኩ፤ ራስ ምታቱን፣ እብጠቱን። “እርጉዝ የሆናችሁ፣ ዛሬውኑ ክትትል ጀምሩ” ብዬ ጨረስኩ። አላለቀስኩም። እሷ ስትሄድ ነው...

እሑድ፣ ግንቦት 12

ጉድ ፈላ። ያላየኝ ሰው የለም። የልኳንዳው ሰውዬ “ታዋቂዋ መጣች” ይለኛል። ለታዋቂ አጥንት ይበዛል መሰለኝ።

መነጽሬን አድርጌ ከሥር የተጻፈውን አነበብኩ። ጀምሬያለሁ... እኔም ጀመርኩ... ጀምረናል እናታችን። የሰፈራችን ጸጉር ሠሪም አለችበት፤ “እትዬ፣ ክትትል ጀምሬያለሁ።” የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ሆዷ ገፍቷል። ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 14

ነርሷን ስንት እርጉዝ መጣ አልኳት። አንድም አልመጣም። እንዴት አንድም? ጀምሬያለሁ ያለው ሁሉ የት ገባ?

ጸጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄድኩ። ደንበኛ እየሠራች ነው። ክትትሉን የት ነው የጀመርሽው አልኳት። ስልኳን አወጣች።

“ይኸው እትዬ፣ ‘ይከታተሉ’ የሚለውን ተጫንኩ። የለጠፉት ሁሉ ይገባልኛል።”

ደንበኛዋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ... የጸጉር ሠሪዋን እግር እስካይ። ጫማዋ አልገባ ብሏት ተረከዙን ረግጣዋለች። ራስሽንስ ያምሻል? ትንሽ፣ የማድረቂያው ሙቀት ነው አለች።

“ቁልፍሽን አንሺ፣ ልጄ። እንሂድ።”

“እትዬ፣ የደንበኛዬ ግማሽ ራስ ነው የተሠራው።”

“በግማሽ ራሷ ትከተለን።”

እውነትም ተከተለችን። መንገደኛው ሁሉ እሷን ያያል፤ እሷ ደግሞ ነፍሰ ጡሯን ደግፋ ትሄዳለች። የጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ ተቀበለቻቸው። እኔ ውጭ ቀረሁ። የልጄ አስከሬን ከወጣበት ቀን ወዲህ ያን ግቢ አልረገጥኩም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 15

የደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል፣ አልጋ ይዛለች። ሐኪሙ በር ድረስ ወጥቶ ነገረኝ። “ትናንት ባትመጣ ኖሮ...” ብሎ አየኝ። ያውቀኛል። ጨርሰው አላልኩትም።

ነርሷ ቃሉ ነው ጉድ የሠራን አለች። ክትትል ስንላቸው ስልኩን ይከታተላሉ። እንደገና ተቀረጽኩ። “ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ተዉትና በእግራችሁ ኑ። ስልክ ግፊት አይለካም።”

ዓርብ፣ ግንቦት 24

ሁለት መጡ። አንዷ ከአማቷ ጋር። አማትየዋ እኔን ለማየት ነው የመጣችው አሉ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 2

ጸጉር ሠሪዋ ትናንት ወለደች። ሴት ናት። ትንሽ ብትሆንም ጩኸቷ የጤነኛ ነው።

ልጠይቃት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ፣ ቆምኩ... ከዚያ ገባሁ። አግዳሚው ላይ እርጉዞች ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ልጅ አለዎት ወይ አለችኝ። ቪዲዮውን ያላየች አንዲት ሰው ተገኘች ማለት ነው።

“አለችኝ” አልኩ።

ከዚያ ማን ያስቁመኝ? በልጅነቷ ጫማዬን አድርጋ ሰፈር ለሰፈር እንደምትዞር፣ ስትዋሽ ጆሮዋ እንደሚቀላ፣ ድምፅ ሳይኖራት መዝፈን እንደማይታክታት... አጠገቤ ያለችው እርጉዝ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

የልጄ ሞት ጋ ሳልደርስ የእርጉዟ ተራ ደረሰ፤ ተጠርታ ገባች።