«ቫይረስ በላው» ያልኩ ሳምንት

ሰኞ

ደመሰስኩት። የጋሼ ተሾመን ላፕቶፕ ሙልጭ አድርጌ ደመሰስኩት።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የእርሻ መምህር ናቸው፤ ሁሩሙ ውስጥ ንብ ያረባሉ። ላፕቶፑ እየተንቀረፈፈ ሲያስቸግራቸው መቱ ድረስ ጥገና ቤቴ አመጡት። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ልጫንልዎ አልኳቸው። ነጻ ነው፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው የሠሩት ነው፣ አሮጌ ማሽን አይከብደውም። «ደቦ ነው በይኛ!» ብለው ሳቁ።

ስጭን «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለውን ነካሁ። ኮፒ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። ፍላሹ ባዶ ነው። የስንት ዓመት ማስታወሻቸው! የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ፣ የቱ ምን ዓይነት ማር እንደሚሰጥ።

ማክሰኞ

መጡ። ሳላስበው «ቫይረስ በላው» አልኩ። በዚህ ከተማ ቫይረስ በላው ከተባለ ማንም አይጠይቅም። እሳቸውም «ማል ጎና፣ ምን ይደረጋል» አሉ። ደግሞ አመሰገኑኝ! እሱ ነው የገደለኝ። ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ስሞክር ዋልኩ። የተገኘው፦ ሁለት የቀፎ ፎቶ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ስለ ገተሜ ዛፍ አበባ ግማሽ ገጽ። ለግማሽ ገጽ በደስታ ዘለልኩ። ሌላ የለም።

ከሰዓት ጋሼ ደወሉ። ቫይረሱን በፍላሿ ያመጣችው ጫልቱ ናት ብለው ተቆጥተዋታል። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች የምትጽፍላቸው እሷ ነበረች። ሁለተኛ እንዳትነኪው ብለዋታል። «ደግ አላደረግኩም?» አሉኝ። ኔትወርክ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ

የሊኑክሱን መመሪያ ለጋሼ በአማርኛ ላሳጥርላቸው ብዬ አነበብኩ። መጨረሻው ላይ የስህተቶች ዝርዝር አለ። የጻፉት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ይህ አይሠራም፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እያስተካከልኩት ነው፣ ከነስማቸው። ማንም አላስገደዳቸውም። እኔ ጥፋቴን በጫልቱ ላይ አላክኬ ቁጭ ብያለሁ። አፈርኩ።

ዓርብ

በሚኒባስ ሁሩሙ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ሳያቸው ጠፋኝ። «ጋሼ፣ ቫይረስ አልነበረም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ። ቀፎ እያጸዱ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

ቀፎውን ከድነው «ማስታወሻው የማስታውሰውን ያህል ይጻፋል። ልጅቷን ግን በከንቱ አስለቀስኳት» አሉ። ጫማቸውን ቀየሩና «ነይ፣ ለእሷም ንገሪያት» አሉኝ።

ቤቷ ስንደርስ ጫልቱ በሩን ከፈተች። ሁሉንም ነገርኳት። እኔን አየች፣ አጎቷን አየች። ግቡ አላለችንም፤ በሩንም አልዘጋችብንም።

ነገ ቅዳሜ ነው።